አባባ ጉልበታቸውን የከለከሉበት ደጃፍ

ባለፈው ሳምንት የምሠራበት ቢሮ ኮርኒስ አፈሰሰ። ሁሉም ኮምፒውተሩን በላስቲክ ሸፍኖ፣ ባልዲ ደቅኖ ሥራውን ቀጠለ። እኔ ግን የራሰ ኮርኒስ ሽታ፣ ያ እርጥብ ኖራና አሮጌ አቧራ የተቀላቀለበት ሽታ፣ አፍንጫዬ እንደገባ ተነሥቼ የዕቃ ክፍሉን በር ከፈትኩ፤ ዘጋሁ፤ ደግሜ ከፈትኩ። በሩ ያለ ችግር ገጠመ። ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥኩ። አለቃዬ ምን እያደረግሁ እንደሆነ ስትጠይቀኝ «አያቴ ያስተማሩኝ ነው» አልኳት፤ ሌላ ማብራሪያ አልሰጠኋትም።

እዚህ ግን አብራራለሁ። በእኛ ዘመዶች መካከል «የጋራዡ ሰርግ» የሚባል ወሬ አለ። ሰው በተሰበሰበ ቁጥር ይነሣል፤ ይሣቃል። በወሬው ውስጥ አንድ ግትር ሽማግሌ ከአገር ቤት ይመጣሉ፣ በረዶ አይተው ይደነግጣሉ፣ የገዛ ልጃቸውን ሰርግ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ያስገቡታል፤ በቃ፣ ወሬው ይኸው ነው። ይህን ስሰማ አድጌያለሁ፤ አንድም ቀን አፌን አልከፈትኩም። ዝም ያልኩበት የራሴ ምክንያት አለኝ፤ እሱንም ሳልደብቅ እናገራለሁ። ግን ከአሁን በኋላ ማንም በአያቴ በአባባ ላይ እየሣቀ የእኔን ዝምታ ምስክር አያደርገውም።

ዘመኑ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። አሜሪካ ውስጥ አሌክሳንድሪያ የምትባል ከተማ እንኖር ነበር፤ እኔ አሥር ዓመቴ ነው። የእናቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ሂሩት፣ በጥር ልታገባ ስለነበር አባቷ፣ ማለትም የእኔ አያት፣ ሰርጉ ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው ከአዲስ አበባ መጡ። ስማቸው አቶ ወንድሙ ነው፤ እኛ ግን አባባ ነው የምንላቸው። ዕድሜ ልካቸውን የእህል መጋዘን ሲያሠሩ የኖሩ ፎርማን ናቸው። እንግሊዝኛ አያውቁም። የማንኛውንም ነገር ክብደት የሚያስቡት በኩንታል ነበር። ከአውሮፕላን ጣቢያ ስንመልሳቸው የእናቴን መኪና ዞረው አዩና «አሥራ አምስት ኩንታል ትሆናለች» አሉ። እኔን ብድግ አደረጉኝና «አንቺ ገና ሩብ ኩንታል ከምናምን ነሽ፤ አይበሉም እንዴ እዚህ?» አሉኝ።

ባሠሩት መጋዘን ሁሉ ግድግዳው ላይ ቀይ መስመር ያስቀቡ ነበር። ከመስመሩ በላይ ጆንያ አይደረደርም ማለት ነው። አንድ የገጠር ከተማ ላይ የመጋዘኑ ኃላፊ መስመሩን አልፎ አስደረደረ፤ ግድግዳው ተገፍቶ ወደቀ፤ ሁለት ወዛደሮች ከሥሩ ቀሩ። ይህን የነገሩኝ አንዴ ብቻ ነው፤ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር እያሰሩ። ክሩ ታስሮ ካለቀም በኋላ ቶሎ ቀና አላሉም።

በረዶው የጀመረው በገና ዋዜማ ነው። ሁለት ቀን ሳያቋርጥ ወረደ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ መንገድ ተዘጋ፤ አባቴ ወደ ሥራው መሄድ አልቻለም። አባቴ አርሊንግተን ውስጥ ከአንድ ትልቅ የቢሮ ሕንፃ ሥር ያለ የመኪና ማቆሚያ ኃላፊ ነበር። እኔ በደስታ የምሆነው ጠፍቶኛል። እናቴ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ በልትስቪል ላለች ጓደኛዋ «ጥጥ ነው የሚመስለው፣ ብታዪው!» ትላለች። አባባ ጋቢያቸውን ደርበው መስኮቱ አጠገብ ቆመው ነበር። «ጥጡንም እኮ መዝነን ነው የምንሸጠው» አሉ።

ወዲያው ጤፍ የሚቀመጥበትን አራት ማዕዘን የፕላስቲክ ዕቃ አስገለበጡት። እናቴ ጮኸች፤ አልሰሟትም። እኔና እሳቸው ጓሮ ወጣን። ዕቃውን በረዶው ላይ ደፍተው ዙሪያውን በአካፋ ቆረጡ፤ ከዚያ በስፋቱ ልክ እስከ መሬት ያለውን በረዶ አንድ ሳያስቀሩ እየጠቀጠቁ ሞሉት። የመታጠቢያ ቤቱን ሚዛን አምጪ አሉኝ። ሚዛኑ ፓውንድ ነው የሚያሳየው፤ ወደ ኪሎ የምመልሰው እኔ ነበርኩ፤ ሒሳብ ጎበዝ ነበርኩ። የዕቃውን ጎኖች በሜትር ለክተው አምስት ዕቃ አንድ ካሬ ሜትር እንደሚሞላ አስቀድመው አስልተዋል። «በያንዳንዱ ካሬ ሜትር ከግማሽ ኩንታል በላይ ነው» አሉና ቀና ብለው የሰፈሩን ጣሪያ ሁሉ አንድ በአንድ አዩ። «በየሰዉ አናት ላይ ስንት ኩንታል ተጭኗል!»

እኔ አባባ ከመምጣታቸው በፊት ኩንታል የሚለውን ቃል የማውቀው በቤታችን ስለ ጤፍ ሲወራ ብቻ ነበር። ስለዚህ አሜሪካኖች ጤፋቸውን ጣሪያ ላይ እንደሚያስቀምጡ ገባኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀና ባልኩ ቁጥር ከበረዶው ሥር የተደረደረ ጆንያ ይታየኝ ነበር። ማን እንዴት እንደሚያወጣውና እኛ ለምን ከሱቅ እንደምንገዛ ግን አልገባኝም።

በሦስተኛው ቀን የጎረቤታችን የመኪና ዳስ ወደቀ። ከቀጭን ቆርቆሮ የተሠራ፣ በአራት እግር የቆመ ነገር ነው። መኪናው ላይ ታጥፎ ተኛ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ፎቶ ያነሣል። አባባ ጠጋ ብለው እግሮቹን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

«እግሮቹ ደህና ናቸው፤ የታጠፈው መሀሉ ነው» አሉኝ። «ጧት ሲጮህ ሰምቼው ነበር። ቤት ከመውደቁ በፊት ይናገራል፤ የሚሰማው ካገኘ።»

እኔም ሰምቼው ነበር፤ ድመት መስሎኝ ነው። ይህን ስነግራቸው አልሣቁም። «ጥሩ ጆሮ አለሽ፤ ከእንግዲህ ድመት ነው ብለሽ አትለፊው» አሉኝ።

ሰርጉ ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ ነበር። አዳራሹ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ድሮ ምንጣፍ መሸጫ የነበረ፣ ጣሪያው ጠረጴዛ የመሰለ ጠፍጣፋ፣ ፎቅ የሌለው ሰፊ ቤት። ከአንድ ጎኑ ባለ አራት ፎቅ የጡብ ሕንፃ ተጣብቆ ቆሟል። አበባ የምትበትነው ልጅ እኔ ነበርኩ። ከበሩ እስከ ሙሽሮቹ መቀመጫ የሚዘረጋው ቀይ ምንጣፍ ላይ እርምጃዬን ሦስት ጊዜ ተለማምጃለሁ፤ ከላይ በትንንሽ መስተዋት የተሸፈነች ኳስ እየዞረች ብርሃን ትረጫለች። በዚያ እድሜዬ ከዚያ ቤት የበለጠ የሚያምር ነገር አላየሁም። ይህን የምናገረው በኋላ የሠራሁት ጥፋት ከየት እንደመጣ እንዲታወቅ ነው።

ረቡዕ ዕለት እናቴ ወጥ የሚሠሩትን ሴቶች ኩሽናውን ልታሳይ ስትሄድ እኔንና አባባን ይዛን ሄደች። በመሀሉ ሌላ በረዶ ሁለት ጊዜ ጨምሮ ነበር። የዚያን ቀን ግን ፀሐይ ወጥታ ከየቤቱ ጣሪያ ውኃ ይንጠባጠባል። አባባ አልገቡም። መኪና ማቆሚያው መሀል ቆመው ወደ ጣሪያው ያያሉ።

«ይታይሻል? በረጅሙ ሕንፃ በኩል ያለው ክምር ከሌላው እጥፍ ነው። ነፋሱ ከላይ እያራገፈ እዚህ ጥግ ላይ ከምሮታል» አሉኝ። ከዚያ ወደ አሸንዳው ሄደው ጫፉን በጣታቸው ነኩት፤ ደረቅ ነው። «የሁሉም ቤት አሸንዳ ይወርዳል፤ የዚህ ቤት ውኃ የት ሄደ?»

ውስጥ ገባን። ካፖርት የሚሰቀልበት ትንሽ ክፍል በር አልዘጋ ብሎ ነበር። ባለፈው ስለማመድ እኔም ልዘጋው ሞክሬ እምቢ ሲለኝ አንድ ልጅ ከውስጥ ይዞ የሚጫወትብኝ መስሎኝ «ውጣ፣ አይቼሃለሁ!» ብዬ ጮኼበታለሁ። አባባ በሩን ገፉት፤ ከላይ በኩል እንጨት እንጨትን ፋቀ። ውስጡ ማንም የለም። «በሩ ጤነኛ ነው፤ የወረደው ከላዩ ያለው ነው» አሉ። ቀጥለው በረጅሙ ሕንፃ በኩል ወዳለው ግድግዳ ተራመዱ። እዚያ ኮርኒሱ ትንሽ ሆዱን ነፍቷል፤ አንድ ጥግ ላይ ቡና የፈሰሰበት የመሰለ ክብ አለ፤ ያ ሽታም ያኔ ነው መጀመሪያ የሸተተኝ። ከሥሩ የሙሽሮቹ ሁለት የከፋይ ወንበሮች ተቀምጠዋል።

የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ዋልት ይባላል፤ ማስቲካ ከአፉ የማይለይ፣ ሣቂታ ሰውዬ። አባባን «ሄይ፣ ፓፕስ!»፣ አባት እንደማለት፣ ብሎ ትከሻቸውን ቸብ አደረጋቸው። አባባ እኔን ከፊታቸው አቆሙኝ።

«በይው፦ ይህ ጣሪያ ተጨንቋል። የውኃ መውረጃው በበረዶ ተደፍኗል፤ ያ በረጅሙ ሕንፃ በኩል ያለው ክምር ዛሬውኑ ይነሣ፤ ግን ሰው ከላይ ወጥቶ ወደ መሀል እንዳይገፋው፤ በትንሽ በትንሹ ወደ ውጭ ይጣል። በሩን ይየው፤ ኮርኒሱን ይየው። የሚያውቅ ሰው ጠርቶ ያስመርምር። ዝናብ ከመጣ የኔ ልጅ እዚህ አትገባም። በይው።»

ዋልት እያኘከ ፈገግ ብሎ ይጠብቀኛል። አባባ በእናቴ ነጠላ ጆሯቸውን ጠምጥመው፣ የአባቴን ቦት ጫማ አድርገው፣ ኮርኒስ ላይ ጣታቸውን ቀስረው ቆመዋል። አፈርኩባቸው። ቃሉ ይኸው ነው፤ ሌላ አልፈልግለትም። ደግሞም ቀዩን ምንጣፍ ፈለግሁት፤ ያቺን ኳስ ፈለግኋት።

በእንግሊዝኛ «አያቴ አዳራሹ በጣም ያምራል ይላሉ» አልኩት።

«ታንክ ዩ፣ ፓፕስ!» አለና ሣቀ።

«ምን አለ?» አሉኝ አባባ።

«ሰው ጠርቼ አሳያለሁ አለ።»

አባባ እኔን አዩ፤ እሱን አዩ። ወደ መኪናው ስንመለስ እጄን እንደ ወትሮው ይዘውኝ ነበር።

ሐሙስ ማታ የጀመረው ዝናብ ዓርብም ዋለ። እናቴ «ተመስገን፣ ይጠርግልናል» አለች፤ ከቤታችን ዘንበል ካለው ጣሪያ በረዶው ድብ ድብ እያለ ሲወርድ እውነቷን ይመስል ነበር። አባባ ግን ያንኑ የጤፍ ዕቃ ይዘው ወጡ። ጓሯችን ጥግ ላይ ያልተረገጠ በረዶ ነበር፤ ቁመቱ ከድሮው አንሷል። ቀለል ይላል ብዬ ነበር። ሚዛን ላይ ስናወጣው አርባ አምስት ፓውንድ ሊሞላ ምንም አልቀረው። አካፈልኩ፤ በአምስት አባዛሁ።

«መቶ ኪሎ!» አልኩ፤ ሒሳቡ ስለገጠመልኝ ደስ ብሎኝ።

«አንድ ኩንታል» አሉ አባባ፤ ዝናቡ እየመታቸው አጎንብሰው ቆዩ። «ዝናቡን ጠጥቶት ነው። እዚህ ውኃው መሬት ገብቶ ይሄዳል፤ እዚያ ግን መውጫ የለውም። ሰውየው ሰው ልኮ አሳየ ወይ?»

«አላውቅም» አልኩ። ይህኛው እንኳን እውነት ነበር፤ ግን እንደ ሁለተኛ ውሸት ነው የምቆጥረው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የሰርግ ኮሚቴው ሊቀመንበር፣ የእናቴ የአጎት ልጅ ጋሽ ሙሉጌታ፣ የወንበር ስም ዝርዝር ይዘው ከጌይተርስበርግ መጡ። ጋሽ ሙሉጌታ ሲናገሩ ክራባታቸውን የሚያስተካክሉ፣ በየሰርጉ ማይክ የማይጠፋቸው ሰው ናቸው። አባባ ሳያቅማሙ ነገሯቸው፦ አዳራሹን ቀይሩ።

«አባባ፣ ይሄ እኮ አሜሪካ ነው!» አሉ ጋሽ ሙሉጌታ። «እዚህ ቢልዲንግ ኢንስፔክት ሳይደረግ ሰው አይገባበትም። ኢንጂነር ሳይን አድርጎበታል። ኮድ አለው፣ የሕንፃ ሕግ!»

«ኮዱን በረዶው አንብቦታል?»

«ኧረ አባባ! እነዚህ ሰዎች ከስኖው ጋር ነው የተወለዱት። እኛ ነን ለነሱ የምናስተምረው? ማኔጀሩን ልጠይቅልዎ እችላለሁ፤ ኮል አደርገዋለሁ።»

«ጠይቄዋለሁ እኮ፤ ረቡዕ ዕለት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የአበባ ቅርጫቴን ሪባን እያሰርኩ ነበር። ቀና አላልኩም።

«ሦስት መቶ ሰው ጠርተን በአንድ ቀን ሆል ቼንጅ አናደርግም» አሉ ጋሽ ሙሉጌታ። «ደግሞ የጭቃ ቤት አይደለም፤ ስቲል ነው።»

«ብረትም ልክ አለው። እኔ ልኩን በቀይ ቀለም ስጽፍ ነው የኖርኩት። እዚያ ቤት ግን መስመሩን ማን አሰመረው?» አሉና ተነሡ። አክስቴ ሂሩት እንባዋ መጣ። እናቴ «አባባ በናትዎ፣ ደስታችንን አያጥፉብን» አለች። አባባ ጋቢያቸውን ይዘው ወደ መኝታቸው ገቡ። ሁሉም ሰው ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ መሰለው።

ቅዳሜ ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አባባና አባቴ የሉም። መኪናው ሁሉ ጥሩምባውን እየነፋ ሲልቨር ስፕሪንግ ደረስን፤ ሴቶቹ በስስ ጫማ የቀለጠውን በረዶ እየረገጡ እልል ይላሉ። አዳራሹ ደጃፍ ላይ ስንደርስ እልልታው ከፊት በኩል ጀምሮ እየሞተ ሄደ።

አባባ በሩን ዘግተው ከፊቱ ተቀምጠዋል። የተቀመጡት ከሙሽሮቹ ሁለት የከፋይ ወንበሮች በአንዱ ላይ ነው፤ ወንበሩን ከዚያ ሆዱን ከነፋው ኮርኒስ ሥር በአባቴ አስጎትተው አስወጥተውታል። አባቴ ካፖርቱን ቆልፎ አጠገባቸው ቆሟል። አባባ እግራቸውን ወደ ወንበሩ ሥር ሰብስበው፣ ጋቢያቸውን ከወገባቸው እስከ መሬት ጥቅልል አድርገው ጉልበታቸውን ሸፍነዋል።

ሙሽሮች ወደ ድግሱ ሲገቡ የአባትን ጉልበት ስመው ይመረቃሉ። ያለዚያ ወደ ወንበራቸው አይሄዱም፤ ይህን ከሦስት መቶው እንግዳ የማያውቅ አልነበረም። ሂሩትና ባሏ ዳንኤል ቀረብ ብለው ሊንበረከኩ ሲሉ አባባ እጃቸውን ዘረጉ።

«ጉልበቴን እዚህ ደጃፍ ላይ አላስምም። እዚህ ጣሪያ ሥር ለሚገባም ምርቃት የለኝም» አሉ።

አንዳንዱ ሣቀ። ጋሽ ሙሉጌታ ክራባታቸውን አስተካክለው «አባባ፣ ሰው ብርድ ላይ ነው፤ እባክዎ» አሉ፤ ለመኑ፤ ቀጥለው ተቆጡ። አባባ አልተነቃነቁም። ዋልት በሌላ በር ወጥቶ ምን ሆኖ ነው ብሎ ሲጠይቅ ጋሽ ሙሉጌታ ፈገግ ብለው «ኢትስ ኤ ካልቸራል ቲንግ»፣ የባህል ጉዳይ ነው፣ አሉት። ዋልት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። ያን ጊዜ ውሸታሟ እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ አየሁ፤ ግን ምንም አላጽናናኝም።

ነገሩ የከፋው ከወንድ ወገን አንድ ሽማግሌ ወደፊት ሲወጡ ነው። «አቶ ወንድሙ፣ ልጃችንን አልፈለጉትም ማለት ነው?» አሉ። እዚያች ላይ ሰርጉ ሊፈርስ ነበር።

«ልጃችሁን ስለፈለግሁት ነው ከውጭ ያቆምኩት» አሉ አባባ። «ወንበሩ የተቀመጠበትን ቦታ ገብተው ይዩና የእርስዎን ልጅ እዚያ ያስቀምጡት እንደሆነ ይንገሩኝ።»

ሽማግሌው አልገቡም። እኔ የአበባ ቅርጫቴን ይዤ በሁለቱ መሀል ቆሜያለሁ። ረቡዕ ዕለት ዋልት ምን እንደተባለ፣ ምንም እንዳልተባለ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አፌን ከፍቼ እውነቱን ማውጣት እችል ነበር፤ አላወጣሁትም። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ለሳቸው የቆመላቸው አንድ አባቴ ብቻ ነበር፤ እሱም በዝምታ።

ሂሩት ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃው ላይ ቁጢጥ አለች፤ ፊቷ ከአባቷ ፊት ትይዩ ሆነ። እናቴ «ቀሚስሽ!» ብላ ጮኸች።

«አባባ፣ እውነትዎን ነው?» አለች ሂሩት።

«እውነቴን ነው።»

ትንሽ አየቻቸው። ከዚያ ብድግ ብላ ወደ ሰዉ ዞረች። «አልገባም» አለች። «መግባት የሚፈልግ ይግባ፤ ሙሽራ የሌለበት ሰርግ ይብላ።»

ያቺ ሴት በጭቃ በተለወሰ ቀሚስ እንደቆመች ዛሬም ትታየኛለች። ዘመዶቼ ሲያወሩ ይህችን ቃሏን ይዘሏታል። የሰርጉን ቦታ የቀየሩት አንድ ሽማግሌ ብቻ አይደሉም፤ ሙሽራዋም ናት።

«ወዴት እንሂድ ታዲያ?» አሉ ጋሽ ሙሉጌታ፤ ክራባታቸውን ረስተውታል።

ያን ጊዜ አባቴ የዚያን ቀን የመጀመሪያ ቃሉን ተናገረ። «እኔ ጋ። ቅዳሜ ባዶ ነው፤ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነው።»

ምግቡ የወጣው በኩሽናው በር ነው፤ ኩሽናው ከረጅሙ ሕንፃ ርቆ በሌላው ጫፍ ስለነበር አባባ ሁለት ሁለት ሰው፣ ቶሎ ገብቶ ቶሎ መውጣት፣ ብለው ፈቀዱ። እሳቸው በሩ ላይ ቆመው ይቆጥራሉ፤ ሁለት ሳይወጡ ሁለት አይገቡም። ጋሽ ሙሉጌታ ራሳቸው የዶሮ ወጥ ድስት ተሸክመው ሲሮጡ አይቻለሁ፤ በወሬው ውስጥ ይህም የለም።

አርሊንግተን ደርሰን መኪናው ሁሉ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። አባባ መጀመሪያ ብቻቸውን ገብተው የኮንክሪቱን ምሰሶ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ፤ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። «ይሄ ቤት ነው» አሉ። የከፋይ ወንበሩን ከምሰሶው ሥር አስቀምጠው ተቀመጡና ጋቢያቸውን ከጉልበታቸው ላይ ገለጡት። ሂሩትና ዳንኤል ተንበርክከው ሳሙ። ምርቃቱ ረዘመ፤ «አሜን» ስንል ድምፃችን ከግድግዳ ግድግዳ እየመታ ሦስት ጊዜ ይመለስ ነበር። እኔ ቀይ ምንጣፍ በሌለበት፣ በሁለት ቢጫ መስመሮች መሀል፣ ቤንዚን በሚሸት አየር ውስጥ አበባዬን በተንኩ። ከበሮውም እዚያ እንደደመቀ ሌላ ቦታ ሲደምቅ ሰምቼ አላውቅም።

የአዳራሹ ጣሪያ ወደቀ። የወደቀው ግን ሰኞ ነው።

ዘመዶቼ የሙጥኝ ብለው የያዙት ይህችን ሰኞ ነው። «ሰኞ እኮ ነው የወደቀው! ቅዳሜ ብንጨፍርበት ምን እንሆን ነበር?» ይላሉ። ይኸው መልሴ፦ ከዓርብ እስከ ሰኞ አንዲት ጠብታ ዝናብ፣ አንዲት ቅንጣት በረዶ አልጨመረም። ሰኞ የጣለው ያው ቅዳሜ አናታችን ላይ ሊሆን የነበረው ጭነት ነው። ብረቱ በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ እየጎበጠ ነበር። ቅዳሜ ሦስት መቶ ሰው ከሥሩ ቢሞቅበትና ቢዘልበት ሰኞን ይጠብቅ ነበር ብሎ የሚምልልኝ ካለ ይምጣና እዚያ የከፋይ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይማልልኝ።

ማክሰኞ ዕለት የቀሩትን ድስቶች ልናመጣ ሄድን። ደጃፉ በቢጫ ጥብጣብ ታጥሯል። በረጅሙ ሕንፃ በኩል ያለው ጥግ በሙሉ ወደ ውስጥ ገብቶ በረዶው፣ ኮርኒሱና የታጠፈው ብረት አንድ ላይ ተከምሯል። ያቺ የመስተዋት ኳስ ከክምሩ ጎን ተንከባላለች። ሁለተኛው የከፋይ ወንበር አልታየኝም፤ ከሥር ነበር። እናቴ አፏን በእጇ ሸፍና መኪናው ውስጥ ቀረች። አባባ ጥብጣቡ አጠገብ ቆሙ፤ ደስ አላላቸውም፤ ጫማቸውን ሲያስሩ እንዳየሁት ቀን ነው ፊታቸው።

ዋልት ካፖርቱን ሳይቆልፍ መጣ። «እንዴት አወቁ?» አለኝ። «ጠይቂልኝ፤ እንዴት አወቁ?»

ለአባባ ነገርኳቸው። እሳቸው እሱን ሳይሆን እኔን አዩ።

«ረቡዕ ያልኩትን አሁን ንገሪው» አሉኝ።

«አባባ፣ ያን ጊዜ እንዳልነገርኩት ያውቁ ነበር?»

«እኔ ያን ሁሉ አወራሁ፤ አንቺ በአንድ ትንፋሽ ጨረስሽው፤ ሰውየውም ሣቀ። ጣሪያህ ሊወድቅ ነው የተባለ ሰው ይሥቃል?»

«ታዲያ ለምን አልተቆጡኝም?»

«ብቆጣሽ ዓርብ ዕለት ሁሉም ዞሮ አንቺን ነበር የሚወቅሰው። ልጅ ነሽ፤ ይህን መሸከም አትችዪም» አሉ። «እንደገና የሚናገርልኝ ሰው ደግሞ አልነበረኝም። ስለዚህ አስተርጓሚ የማይፈልግ ነገር ፈለግሁ።» ሁለት መዳፎቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

ዋልት «ምን አሉ? ምን አሉ?» ይላል።

ፊቴን ወደ እሱ አዞርኩ። መጀመሪያ ረቡዕ ዕለት የዋሸሁት እኔ መሆኔን ነገርኩት። ከዚያ ስለ ነፋሱና ስለ ረጅሙ ሕንፃ፣ ስለ ደረቁ አሸንዳ፣ አልዘጋ ስላለው በር፣ ሆዱን ስለነፋው ኮርኒስ፣ ሰው ወደ መሀል እንዳይገፋው ስላሉት ክምር፣ ሁሉንም በተራ በተራ ነገርኩት። አባባ የእንግሊዝኛውን ርዝመት እያዳመጡ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ዋልት ማስቲካውን ማኘክ አቁሞ ነበር።

ጨርሼ ዝም ስል አባባ «አሁን ልክ ነው» አሉኝ፤ እጄን ይዘውኝ ወደ መኪናው ሄድን።